አውራ ጣቴ ዓይኔን የነካበት ዕለት

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2
ረቡዕ ጠዋት

ለምትናፍቂኝ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ስኳርሽን ትለኪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መለኪያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፍርሃቴ በቀር ደህና ነኝ። ያልደወልኩልሽ ስልኩን ስታነሺ እማዬ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሐኪምሽ የዓይን መርፌ አዝዞልሽ እየፈራሽ እንደቀረሽ ሰምቼ፣ እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው ብዬሽ ነበር። በሕመሙ እንኳ ብዙም አልዋሸሁሽም። ማደንዘዣ ጠብታ ደጋግመው ያደርጉልሻል፤ መርፌው ሲገባ የሚሰማሽ ጫን የሚል ነገር ብቻ ነው። እንደ በርበሬ የሚያቃጥልሽ ዓይንሽን የሚያጸዱበት አዮዲን ነው። ተሕዋሲያኑን የሚገድልልሽ እሱ ስለሆነ ቻይው፤ ሲጨርሱ ግን በደንብ እጠቡልኝ በያቸው። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ይህን ባለማወቄ እስከ ማታ ሳለቅስ ዋልኩ። የደበቅሁሽ ፍርሃቱን ነው።

ግራ ዓይኔ ከጨለመ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ታውቂያለሽ። ሰኞ ዕለት ለሁለተኛው መርፌ አልጋው ላይ የተጋደምኩት የቀረኝን አንድ ዓይን ይዤ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ በጣቴ ይዤ የኖርኩ ልብስ ሰፊ፣ መርፌ ወደ እኔ ሲመጣ መፍራቴ ያስቃል። ነርሷ ሐዲጃ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። አዮዲኑ ከተደረገ በኋላ ዓይኔን ምንም ነገር እንዳይነካው፣ መርፌው ቀርቦ እስኪወጣም ማንም እንዳይናገር፣ ትንፋሽም ቢሆን ተሕዋሲያን ይዞ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። የምፈልገው ካለ አሁኑኑ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ምንም የለም አልኳት።

አዮዲኑን አድርጋልኝ፣ ሽፋሽፍቴንም ቀብታ፣ ዕቃውን ልትከፍት ዘወር አለች። ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ያኔ እጄ በራሱ ተነሣ። ልጆች ሳለን እማዬ ያመመንን ቦታ በአውራ ጣቷ እንዴት ታማትብልን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሆዳችንን ሲቆርጠን ሆዳችን ላይ፣ ጥርሳችንን ሲያመን ጉንጫችን ላይ። እኔም በልቤ በስመ አብ ብዬ፣ በተከደነው ዓይኔ ላይ በአውራ ጣቴ መስቀል ሣልኩ። የአውቶቡሱን ብረት ጨብጬ በመጣሁበት ጣት! አዮዲኑ ጣቴን ቡናማ አድርጎት ሳይ ነው የነቃሁት፤ ቶሎ ብዬ ከአንሶላው ሥር ሸሸግሁት።

ልናገር ነበር። ግን ያን ሁሉ አስረድታኝ እንደ ሕፃን ነካካሁት ማለት አሳፈረኝ። አዮዲኑ እንዳይደገምብኝም ፈራሁ። ደግሞ ዝም በይ ተብያለሁና ዝምታዬ ትክክል መሰለኝ። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ አለቀ።

ስወጣ ሐዲጃ እንዳላሸው፣ ውኃ እንዳላስገባበት፣ ኩል እንዳልኳል መከረችኝ። መቅላቱ በራሱ ይጠፋል፤ ሕመሙ ከጨመረ፣ ብርሃን ካስጠላኝ ወይም እይታዬ ከደፈረሰ ግን የዕረፍት ቀናቸው በሆነው ዓርብም ቢሆን ቀጠሮ ሳልጠብቅ በዚያው ሰዓት መምጣት አለብኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በየሰዓቱ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ዓይኔን እፈትናለሁ። ትናንት ቁጥሮቹን ሁሉ አነበብኩ። ዛሬ ግን ጭስ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ፤ ስነቃም ዓይኔ ከውስጥ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ግቢያችን የምትኖረው ጎረቤቴ ፍቅርአዲስ ደህና አደርሽ ስትለኝ፣ መስኮቱን ዘግቼ ተቀምጬ ደህና ነኝ አልኳት። ከሄድኩ መናገሬ ነው። ካልሄድኩ ደግሞ... እህቴ፣ ፈራሁ፤ እጅግ ፈራሁ። ይህን ላንቺ ስጽፈው ግን ሞኝነቴ ለራሴም ታየኝ። ፍቅርአዲስን ልጥራት።

እሑድ

እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለው የፍቅርአዲስ እጅ ጽሕፈት ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ረቡዕ ዕለት ሐዲጃ ገና በሩ ላይ ስታየኝ ወረፋ ሳታስጠብቅ አስገባችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ያኔ ብትነግሪኝ አዮዲኑን ደግሜ አጸዳልሽ ነበር፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር አለችኝ። ከዚያ ማልቀሴን አይታ፣ ተሕዋሲያኑ ከጣትሽ መምጣታቸውን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም፣ ሁሉ ተጠንቅቆም አንዳንዴ ይደርሳል አለችኝ። ሐኪሙ በዚያው ቀን ዓይኔ ውስጥ ሌላ መድኃኒት ወጋኝ፤ ቅዳሜም ደገመው። እንጠብቅ ነው የሚለው። ከዚህ ሌላ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አንቺ ግን ሂጂ። በእኔ ፈርተሽ ከቀረሽ የሁለታችንም መጎዳት ነው። ገና ደጅ ሳለሽ አማትቢ፤ እማዬም ታማትብልሽ። ከገባሽ በኋላ እጆችሽን ከጎንሽ አታንሺ። ድንገት ከነካሽም ነካሁት በይ። ቢቆጡሽ ይቆጡሽ።

ለእማዬ ሥራ በዝቶባታል በያት። የስፌት መኪናዬን ፍቅርአዲስ አቧራ እንዳይገባበት ሸፍናልኛለች፤ የጀመርኩልሽን ቀሚስም እሷ ትጨርስልሻለች።

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትጋርድሽ፤ ዓይንሽን ታብራልሽ፤ እማዬን በጤና ታቆይልን። መልስሽን ስትጽፊ ፍቅርአዲስ እንዳትቸገር ፊደልሽን አጉልተሽ ጻፊ። የምትወቅሺኝ ካለም በልኩ ይሁን፤ ሰው ፊት ነው የምሰማው።

ታላቅ እህትሽ