በነሐሴ ስለተለካችው ምንጫችን

ለተከበሩ የወረዳችን የውሃ ሥራ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ በቢሮዎ ግቢ ያለው ቧንቧም በጋውን ሳይቋረጥ እንዲዘልቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በላስታ የሳር ውሃ መንደር ነዋሪ፣ ዕድሜዬን ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለምስጋና ስለሆነ ምክንያቶቼን እንደ ልማዴ በተራ አስቀምጣለሁ።

1. ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ተራራ እየከለለ ምንጭ የሚያጎለብተው ልማት ለየትኛው መንደር እንደሚገባ ለመወሰን ባለሙያ ልከው ምንጫችንን ስላስለኩልን አመሰግናለሁ። ባለሙያው የመጣው በነሐሴ ነበር። በነሐሴ በእኛ አገር የከብት ኮቴ ያረፈበት ሁሉ ውሃ ያቁራል። ሱሪውን ሰብስቦ ጀሪካን ደቀነ፤ ጀሪካኑም ወዲያው ሞላ። ያ ውሃ ከተራቆተው ተራራችን የወረደ ጎርፍ እንጂ ምንጭ እንዳልሆነ ብንነግረውም፣ ጨዋ ልጅ ነበርና በትሕትና አዳምጦን «በቂ ውሃ አለ» ብሎ ጽፎ ሄደ።

2. ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን፣ ጥድ አምባዎች፣ በዚያ ክረምት ወንዙ መንገዳቸውን ስለቆረጠው ምንጫቸው ሳትለካ ቀረች። ባለሙያው የደረሰላቸው በሚያዝያ ነው። ምንጫቸው ጠብ ጠብ ስትል አይቶ አዘነላቸው፤ የእኛዋ በዚያው ወር ጠብ ማለቱንም ትታ ነበር። ተራራቸው ከከብት ተከለለ፣ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። የእኛንም መንገድ ጎርፍ ቆርጦት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

3. ዝናቡ አንድ ነው። እንዲያውም አምና ክረምቱ ሲዘገይ ምሕላ የያዝነው እኛ ነበርን፤ ደመናው ግን ሁለቱን መንደር እኩል አዳረሰ። የእነርሱ ተራራ ዝናቡን ጠጥቶ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ለምንጫቸው ይመልሳል። የእኛው ራቁቱን ስለቆመ ዝናቡን ከነአፈራችን ወደ ተከዜ ይሸኛል። ይህን ጉዳይ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬዋለሁ፤ ከእነርሱም መካከል በየፈተናው ይስተው የነበረው፣ ደግሰው የሚባለው ልጅ፣ ዛሬ የጥድ አምባ ምንጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

አዎን፣ ቀንቻለሁ። አረንጓዴያቸውን እያየሁ ቁርስ መብላት ስላልቻልኩ ወደ ማዶ የሚያየውን መስኮቴን ዘግቻለሁ። ባለቤቴ ፋና ግን ዓይኗን መዝጋት አትችልም፤ በየማለዳው ጀሪካኗን ይዛ ወደ እነርሱ ትወርዳለች፤ የምንጩ ባለቤቶች ቀድተው እስኪጨርሱም ትቆማለች። ሸጌ የምትባል፣ ጎረምሳ ልጅ ያደረሰች ሴትዮ «እትዬ ፋና፣ እናንተ እኮ በቂ ውሃ አላችሁ ተብሏል!» ብላ ሰልፈኛውን ሁሉ አስቃባታለች። ፋና የዚያን ቀን ስትመለስ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ ወንድሟ ጥድ አምባ ላይ ቤት መሥሪያ ቦታ እንደሚሰጠን ነገረችኝ። አባቶቼ የተቀበሩበትን መንደር ትቼ ደግሰው ወደሚያዝበት ምንጭ እንድሄድ ማለት ነው። ዘንድሮ ተራራችን ካልተከለለ እንደምትሄድም አልሸሸገችኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ያንኑ ትሑት ባለሙያ በዚህ ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ እንዲልኩልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ሱሪውን መሰብሰብ እንደማያስፈልገው ይንገሩልኝ።

በደረቁ ወራት ሁሉ እርስዎን ከማስታወስ ያልቦዘነው፣
አክባሪዎ ጡረተኛ መምህር ደሳለ ጋሻዬ፣
ለጊዜው ከሳር ውሃ

ማስታወሻ፦ ባለሙያው እስከ ክረምት ካልመጣ አድራሻዬ ጥድ አምባ ይሆናል። ያን ጊዜ ለሳር ውሃ ምንም ነገር እንዳይሠሩ አደራ እላለሁ፤ መስኮቴ ወደዚያ ማየቱ አይቀርም፣ ቅናቱንም አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ።