ከሱቃችን ፊት ለፊት የሚቆመው ሐውልት

ልጄ ሀብተወልድ፣ የኦስሎ ብርድ አይንካህ፣ የእናቴ አምላክ ከፊትህ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ድሮ አገር ለመሩት ሰውዬ ሐውልት ሊቆም ነው። አሮጌ አልሙኒየም ቀልጦ ነው የሚሠራው ብሎ ጎረቤታችን ናስር ዕቃ ሊሰበስብ መጣ። ድስትና ሳፋ ሰጠሁት። የምሳ ዕቃውን ሲያነሳ ግን «እሱን ተወው» አልኩት።

«እትዬ ሙሉመቤት፣ ይሄ እኮ ክዳን እንኳ የለውም» አለኝ።

ልጄ፣ የምሳ ዕቃው አንተ በሆዴ ሳለህ፣ በሰውዬው ዘመን፣ ለአባትህ እስር ቤት ስንቅ አመላልስበት የነበረው ነው። «ከእንግዲህ አታምጪ» ያሉኝ ዕለት ምግቡን እንደያዝኩ ተመለስኩ። መቃብሩን እስከ ዛሬ አላሳዩኝም።

ሐውልቱ ይቁም፤ ከማንም አልጣላም። ለአንተም ከነልጆችህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ብቻ አንተ ጋ ያለውን የአባትህን ፎቶ ትልቅ አድርገህ አሳጥበህ ላክልኝ። ሱቁ በር ላይ ልስቀለውና ይተያዩ።

እናትህ