በካርታችሁ ላይ ደረቅ ስለሆነችው ባለቤቴ

ለተከበሩ የረግረግ ጥበቃና የጎርፍ ክትትል መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እግርዎን እርጥበት እንዳይነካው፣ ወገብዎን ብርድ እንዳያገኘው እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በታች ግን ውሃ ውስጥ ነኝ።

ሟች ባለቤቴን ከረግረጉ ዳር ካለው መቃብር አውጥቼ ኮረብታው ላይ ላሳርፋት ፈቃድ ብጠይቅ፣ በሳተላይት ራዳር ክትትል መሠረት ስፍራው ደረቅ ስለሆነ ጥያቄዬ ውድቅ መደረጉን በማኅተም አስደግፈው ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የቆጠርኩት ፊደል ጥቂት ስለሆነ «ደረቅ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያነበብኩትም ሱሪዬን ጠቅልዬ መቃብሯ ላይ ቆሜ ነው።

ቅሬታዬ እነሆ፤

አንደኛ፣ ደመናና ጨለማ የማይጋርደው ዓይን ሰማይ ላይ ስላላችሁ ኮርቻለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ልጅ ወንበር ስባ አስቀምጣኝ የራዳሩን ምስል አሳየችኝ፤ ገላጣው ውሃ ጥቁር ነው፣ የባለቤቴ መቃብር ያለበት ግን ነጭ። ለምን ብላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ሸምበቆ ጨረሩን መልሶ ስለሚልከው ነጭ ይሆንና ደረቅ መሬት መስሎ ያሳስተናል። ለአለቆቼ ነግሬ ነበር፤ ፈራሚዋ ግን እኔ አይደለሁም» አለችኝ። አደራ፣ አይቆጧት፤ እውነት ያመለጣት ልጅ ናት።

ሁለተኛ፣ ሸምበቆውን እንዳልቆርጥ የከለከለኝም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ሸምበቆው ውሃውን ሸፈነ፣ ውሃው ሚስቴን ሸፈነ፣ የእርስዎ ፊርማ ደግሞ ሁሉንም ሸፈነ። ሥራ ማለት እንዲህ ተደጋግፎ ነው!

ሦስተኛ ብዬ የምጽፈው ለመሥሪያ ቤት የሚሆን አይደለም። ባለቤቴ እርጥብ ወለል አትወድም ነበር። በጭቃ እግሬ ስመጣ ደጅ ታቆመኝና፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ቤቱ ኩሬ መሰለህ?» ትለኝ ነበር። አሁን እኔ ደረቅ ኮረብታ ላይ እያደርኩ እሷን እዚያ ትቼ፣ ምን ብዬ ልመልስላት?

አንድ ቀን ከዚያ ከፍታ ወረድ ብለው ቦቲ ጫማ አጥልቀው ቢመጡ፣ እጅዎን ይዤ አሻግርዎታለሁ። ጭቃው ሹመት አያውቅምና ቀስ እያሉ ይርገጡ።

በወረቀትዎ ደረቅ፣ በእግሩ እርጥብ የሆነው አክባሪዎ፣
የረግረጉ ዳር ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ መልሱን ባያዘገዩት መልካም ነው። የተኛችበት እንዳይጠፋኝ ከራስጌዋ አጭር እንጨት ተክያለሁ፤ ዛሬ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። እሱም ሲሰጥም የት እንዳለች አላውቅም። ያን ጊዜ እርስዎና እኔ እኩል እንሆናለን።