አጥንቱ እንዳይቆጣ

ጥቅምት ፲፪፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

መሰርሰሪያውን አጥቤ ጨረስሁ። እጄ አሁንም የበግ መንጋጋ ይሸታል። ጣሊያናዊው የጥርስ ሐኪም በበግ አጥንት ላይ ይለማመዳል፤ እኔ መርገጫውን እረግጣለሁ፤ መሰርሰሪያው በእግሬ ፍጥነት ይዞራል። ዛሬ ቸኮልሁ። ጢስ ወጣ። ዶ/ሩ ጮኸ። የተቃጠለ አጥንት ይሞታል፤ የሞተ አጥንት ብሎን አይዝም አለኝ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሽታውን ግን ዐውቀዋለሁ። የአባቴ ደጅ ሽታ ነው። መካነ ብርሃን፣ ብርድ፣ አባቴ ለዋንጫ የሚበሳው ቀንድ።

ጥቅምት ፲፱

የመጀመሪያው ታካሚ ታወቁ፤ የሰፈራችን መሪጌታ። ከበቅሎ ወድቀው የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ «ሰ» በአፋቸው ያፏጫል። ተማሪዎቻቸው ይስቃሉ፤ እሳቸውም ማኅሌት መቆም ትተዋል። ዶ/ሩ መንጋጋቸውን በስቶ ብሎን ይተክላል፤ በላዩ ጥርስ ይገጥማል። አጥንቱ ከጋለ ሁሉም ከንቱ። እግሬስ? ስፈራ ይፈጥናል። በአራተኛ ክፍል ፈተናም እንዲሁ ነበር፤ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ።

ጥቅምት ፳፫፣ ማለዳ

አባቴን አስባለሁ። ቀንድ ሲበሳ ውሃ በጉንጩ ይይዛል። በአፍንጫው እያንጎራጎረ መብሻውን በመዳፎቹ መካከል ያሾራል። ዜማው ሲያልቅ ያነሣዋል፤ ውሃውን እፍ ይልበታል፤ ደግሞ ይጀምራል። ለምን እንደሚዘገይ ስጠይቀው፣ ቀንዱ እንዳይቆጣብኝ ይል ነበር። ቀንድ እንደ ቁስል ይቆጣል? እስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ። ዜማውን በልቤ ይዤ ረገጥሁ። ዜማው ሲያልቅ እግሬን አቆምሁ፤ ዶ/ሩ ውሃ እንዲያንጠባጥብ ነገርሁት፤ ደግሞ ጀመርሁ። ጢስ የለም። ዶ/ሩ አጥንቱን ዳሰሰና ሸጋ አለ። ቃሉን ከእኔ ነው የተማረው።

ኅዳር ፪

ዛሬ ሆነ። መሪጌታ ማደንዘዣ ከመወጋታቸው በፊት እግሬ መርገጫው ላይ ሲጣደፍ አዩ።
«ምነው አንተ ልጅ! ጥርሱ የማን ነው፣ የእኔ ወይስ ያንተ?»
ቀዝቃዛው ውሃ ለምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ።
«አጥንትዎ እንዳይቆጣ ነው፣ የኔታ።» ከአፌ አመለጠኝ።
«እንግዲያው እኔም አልቆጣም» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።
ዶ/ሩ በአንድ እጁ ይበሳል፣ በሌላው ውሃ ያንጠባጥባል። እኔ ዜማው ውስጥ ነኝ። እግሬ አልቸኮለም። ብሎኑ ገባ፤ አሁን አጥንቱ እስኪይዘው መጠበቅ ብቻ።

ታኅሣሥ ፲፰

አያ ተገኘ፣ የአገሬ ሰው፣ ከመካነ ብርሃን ገብስ ጭኖ መጣ። አባቴ ደኅና ነው። ግን የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ውሃው ከአፉ ስለሚያመልጥበት ቀንድ መብሳት ትቷል። ምሳ አልበላሁም።

ጥር ፬

ዶ/ሩ ብሎኑን ነካ ነካ አደረገ። አልተነቃነቀም። ጥርሱ ተገጠመ። የኔታ መስተዋቱን ገፉና «ሰላም» አሉ። ደግመው «ሰላም»። ፉጨት የለም። ለጥምቀት ማኅሌት ይቆማሉ።

እኔ አልሰማቸውም። ፈቃድ ጠይቄ ነገ ወደ መካነ ብርሃን እወጣለሁ። አባቴ መብሻውን ያሹር፣ ያንጎራጉር። ውሃውን በጉንጬ እኔ እይዝለታለሁ።