እምቢ ያለው ንፍሮ

ወንድምዓለም ወጋየሁ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የጆሃንስበርግ ብርድ ዘንድሮም ደረትህን ይዞሃል? ባለቤትህ ኦብሴስ በርትታለች? ሕፃኑ ኢታና ጥርስ አወጣ? እኔ እማዬን አፈር ካለበስናት ወዲህ ደህና ነኝ ለማለት ባፍርም በእግሬ ቆሜያለሁ። ስልኬን ማንሳት ስለተውክ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚመለሰው ለጎረቤታችን ለአብዶ ሰጥቼዋለሁ።

የላክህልኝ አንድ መስመር መልእክት ከአእምሮዬ አልወጣም። «እማዬን በቂም ሸኘሻት፤ ንፍሮው እንኳ መሰከረብሽ» ነበር ያልከኝ። ማን እንደነገረህ አውቃለሁ። የነገሩህ ግን ግማሹን ነው።

የቀብሯ ዕለት የእድሩ ሴቶች እንደ ወጉ ስንዴና ሽምብራ ጣዱ። ስንዴው በሰለ። ሽምብራው ከንጋት ጀምሮ ሲንተከተክ ውሎ ጠጠር እንደሆነ ወጣ። ቀባሪው ተመልሶ ንፍሮውን መቃም ሲጀምር አንድ አዛውንት «እኔ ደግሞ ለጥርሴ ለቅሶ ልቀመጥ ነው እንዴ?» ብለው ድንኳኑን ሊያስቁት ምንም አልቀራቸው። የሴቶቹ አለቃ እትዬ ፅጌረዳ ግን ፊታቸው አልተፈታም። በእኛ እድር ንፍሮ እምቢ ካለ ሟች ቂም ይዟል እንደሚባል ታውቃለህ። ጭልፋቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞረው፣ ሁሉም እየሰማ፣ እማዬን በስሟ ጠርተው፣ «ማናዬ ሆዷ አዝኖ ነው የሄደችው። የገዛ ልጇ አደባባይ አውጥታት!» አሉ።

አደባባይ ያወጣሁት እማዬን አይደለም። እሠራበት በነበረው የቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ አለቃዬ በር ቆልፎ ያደረገብኝን ለፖሊስ አመለከትኩ። ሰውየው የእድራችን አባል ነው፣ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ሥራ ያስገባ። እኔ ተባረርኩ። እሱ ድንኳናችን ውስጥ ከፊት ተቀምጦ አጽናኝ ሆነ። እማዬ «ተይው ልጄ፣ ስምሽን ለሰው ምላስ አትስጪ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ከዚያ በኋላ ለወራት ምሳዬን አቅርባልኝ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ይህን አልክድህም። ክሱንም አልተውም።

ስለ ሽምብራው ግን ስማኝ። በቧንቧችን የጉድጓድ ውሃ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፣ ፀጉራችን ቃጫ ሆኗል፣ የማንቆርቆሪያው ውስጥ ኖራ የተቀባ ይመስላል። እማዬ «ይሄ ውሃ ድንጋይ ሲልስ አድሮ ነው የሚመጣው» እያለች ትስቅበት ነበር። እንዲህ ያለው ጠጣር ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ጥራጥሬን ያጠጥረዋል እንጂ አያበስለውም። እማዬ በሰማያዊው በርሜል የጣራ ውሃ የምታጠራቅመው ለዚሁ ነበር፤ ባቄላም ሽምብራም ከዚያ ውጪ አትጥድም። የቀብሯ ዕለት ሴቶቹ ያን በርሜል ገልብጠው ሳህን አጠቡበት፤ ለንፍሮው «ንጹሕ ይሁን» ብለው ከቧንቧ ቀዱ። ይህን ስናገር እትዬ ፅጌረዳ «በእናትሽ ለቅሶ ላይ ትምህርት ቤት ልትከፍችልን ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። ወጋየሁ፣ በእናቴ ለቅሶ ሳቁብኝ።

አርባዋ ሲደርስ የሐምሌ ዝናብ በርሜሉን መልሶ ሞልቶት ነበር። ከዚያው ጆንያ የተረፈውን ሽምብራ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን በቧንቧው፣ ግማሹን በበርሜሉ ውሃ ዘፍዝፌ፣ እትዬ ፅጌረዳን ጠርቼ ዓይናቸው እያየ ጣድኩት። በዝናቡ የበሰለው በጣት ሲነኩት ፈረሰ። የቧንቧው ያው ጠጠር ነው። እትዬ ከሁለቱም ቀመሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉና «ዛሬማ ታርቃሻለች ማለት ነው፤ እሰይ» ብለውኝ ወጡ።

እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱም እሱም ውሸት ነው። ያጠጠረው ውሃው ከሆነ ያለሰለሰውም ውሃው ነው። እማዬ በአንዱም ድስት አልተናገረችም። ቂም እንዳልያዘችብኝ ላሳይ ተነስቼ፣ ይቅር እንዳለችኝ የማውቅበትንም መንገድ በእጄ ዘጋሁት።

ስለዚህ አንተን እጠይቅሃለሁ። ከመሞቷ በፊት በነበረው እሑድ በርሜሉን ተደግፋ ካንተ ጋር በስልክ ብዙ አወራች። በመስኮት እያየኋት ነበር፤ አሁንም አሁንም ወደ ክፍሌ በር ትመለከታለች። ስለ እኔ ምን አለችህ? ረግማኝም ከሆነ ከአፏ እንደወጣ ጻፍልኝ፤ እንዳታለሰልሰው። ጥቅምት ላይ ችሎት ፊት እቆማለሁ፣ የመጣው ይምጣ። የምቆመው ይቅርታዋን ይዤ ይሁን ሳልይዝ፣ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኦብሴን በእኔ ስም እቀፋት፤ ለእማዬ የላከችው ሻሽ ሳይፈታ ሣጥኗ ውስጥ እንዳለ ንገራት። ኢታናን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ከዚያው ጆንያ አንድ ጭብጥ ሽምብራ በአብዶ እጅ ልኬላችኋለሁ። በእናንተ አገር ውሃ ቀቅሉትና እማዬን አስባችሁ ብሉት። ቢበስልም ባይበስልም ብሉት።

እህትህ ውዳሴ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.