በሁለት ቤት የተዘለለው ቀጥቃጭ

ላሊበላ፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ያቺን የስፌት መኪና በአንድ እግርሽ ነው የምትረግጫት? የወልዲያ ብርድ የእኛን ባያህልም ጥር ጥር ነውና ጋቢሽን ከትከሻሽ አታውርጂ። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በቁመታችን አለን። ጥምቀትን በሰላም ዋልን፣ ታቦቶቹም ገቡ። ከተማው ግን ጭር ብሏል። ፈረንጅ ከቀረ ወዲህ የሆቴሉ መስኮት ሁሉ መጋረጃው እንደወረደ ነው። ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይተኛል። ቢሠራም ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር፤ ስለዚህ ለምታውቂው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

«ሰርጉ ላይ ለራሴስ ምን ሰፍቼ ልምጣ?» ብለሽ የላክሽውን ቃል ወንድማችን ዘመን ነግሮኛል። እሱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ወሬ ላውራሽ። ወሬ ትወጃለሽ፣ እኔም ዋናውን ነገር እስክደፍር ጊዜ ይሰጠኛል።

ወሬዬ ስለ ቀጥቃጩ ልጆች ነው። ዘመን የማስጎብኘቱ ሥራ ከቆመ ወዲህ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ያችን «ዘመን ይታገሱ ቀጥቃጩ» ብሎ በወርቅማ ቀለም ያሳተማትን ካርድ ግን እስካሁን ከደረት ኪሱ አላወጣትም። ያጀገነው ያ እንግሊዛዊ ነው፣ ታስታውሻለሽ? ሰውየው ስሙ ስሚዝ ነበር፤ በእነሱ አገር ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ማለት መሆኑን ሲነግረው ዘመን እንዴት ብሎ ይመን! «አታፍርበትም?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በእኛ አገር ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው ስሚዝን ነው። ዳኛውም ስሚዝ ነው፣ ሌባውም ስሚዝ ነው፣ ማን ያፍራል?» አለው። ከዚያ ወዲህ ዘመን ላገኘው ፈረንጅ ሁሉ «እኔም ስሚዝ ነኝ» ሲል ኖረ። ያችን ካርድ ግን ለአበሻ አንድ ቀን አሳይቷት አያውቅም።

የአጎታችን ልጅ ገለቴ ደግሞ ፍላቂት ላይ የገብስ መጋዘን ከፍታለች፣ ሚኒባስም ገዝታለች አሉ። የቤተሰብ ስም ሲጠይቋት «ቀጸላ» ነው የምትለው። ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ባለፈው ዘመን መንገድ ላይ አግኝቷት «አንቺ የአጎቴ ልጅ!» ቢላት «ወንድም፣ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳስዬብህ ነው» ብላ መስኮቷን ዘጋችው። ብልባላ ያለው አስማረ ቀጥቃጩስ? እሱማ ከእኛ ጋር ጠብታ ደም የለውም። አባቱ ገበያ ለገበያ ሰው በዱላ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ነው ስሙ የወጣለት። ምስኪኑ አስማረ ግን ሲያልፍ ወተት የያዘች ሴት ሁሉ ትሸፍንበታለች፣ ሕፃን ያዘለችም ፊቷን ታዞርበታለች። «እኔ እኮ የዱላው ነኝ፣ የብረቱ አይደለሁም!» እያለ በየሰንበቴው ሲምል ሰው ይስቅበታል።

አንቺ ብቻ ነሽ በአደባባይ ሰሌዳ ላይ «ቀጥቃጩ ልብስ ስፌት» ብለሽ የሰቀልሽው። አላፊ አግዳሚው «እዚህ ማረሻ ይሳላል ወይስ ሱሪ ይጠባል?» ሲልሽ «ሁለቱንም አምጣ» ትይዋለሽ አሉ። ስሰማ ሳቄም እንባዬም መጣ።

ስሙን የተሸከምነውም የሸሸነውም አንዳችን እንኳ የቅድመ አያታችንን የክርስትና ስም አለማወቃችን አይገርምሽም? ሙያው ስሙን በላው። የብልባላ አገር በእሱ ማረሻ አርሶ፣ በእሱ ማጭድ አጭዶ ሲያበቃ ማታ ቡዳ ነው ብሎ በሩን ዘጋበት። ለእኛ የቀረን ቀጥቃጩ የሚለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

የልጄን የፅናትን እጮኛ በእውቀቱን በፎቶ አይተሽዋል። የሙጃ ልጅ ነው፣ መምህር ነው፣ ቁጥብ ነው፤ እኔን ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ ነው። በኅዳር ሽማግሌ ሲልክ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ሊቆጠር ቀን ተቆረጠ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በእሱ ወገን ምንም ሥጋት አልነበረብኝም። በእኔ ወገን የሚቆጥሩት አጎታችን አያ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ። ዋዜማውን ጠርተውኝ «ልጄ፣ የእህትሽን ቀን አልረሳሁትም» አሉኝ። የአንቺን ማለታቸው ነው። አንቺን ለመጠየቅ የመጡት ሽማግሎች «ቀጥቃጩ» የሚለውን ሲሰሙ የያዙትን ጠላ ሳይጨርሱ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጠው እንዴት እንደወጡ፣ አንቺም ከጓዳ ሆነሽ እንዴት እንደሰማሽ። በሳምንቱ ወደ ወልዲያ ሄድሽ፣ እስከ ዛሬም ያው ብቻሽን ነሽ። «በእኔ ዕድሜ ይህ ሁለተኛ አይሆንም» አሉ አያ።

በማግስቱ ሲቆጥሩ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። «ፅናት፣ እናቷ፣ የእናቷ አባት ይታገሱ፣ የይታገሱ አባት ምናለ» አሉና ቀጥቃጩ አፋፍ ላይ ሲደርሱ በምናለ እናት በኩል ዞረው ወጡ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባለርስትና ቄስ ነው! ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የሙጃው ሽማግሌም ተነሥቶ ቆጠረ። እሱም ከበእውቀቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ ወደ እማማ ወለተ ሐና ወጣና ከእሳቸው ላይ በእናታቸው በኩል ሄደ። «አይገናኙም!» ተባለ፣ እልል ተባለ። እኔም ተመስገን አልኩ። እነሱስ ለምን በእናት በኩል ዞሩ ብሎ ማን ይጠይቅ? እኛ የዞርንበትን እንዳይጠይቁን ነበር ጭንቃችን።

ገና ደረሰ። እማማ ወለተ ሐና ስለት አለብኝ ብለው፣ በቅሎ ቢቀርብላቸው እምቢ ብለው፣ ከሙጃ በእግራቸው መጥተው እኔ ቤት አረፉ። ለገና እንደምታውቂው እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ከደጃፍ አያልፍም። ሞቅ ያለ ውሃ አቅርቤ ተንበርክኬ ሳጥባቸው ተረከዛቸው ውስጥ እሾህ ገብቶ አገኘሁ። ወረንጦዋን ከአንገቴ ሳብ አድርጌ አወጣሁላቸው። አንቺ ስትሄጂ ከማተብሽ ፈትተሽ «እኔ ሴት ልጅ የለኝም፣ አንቺ ስትወልጂ ለእሷ» ብለሽ ያሰርሽልኝን፣ ያችን በቀጥቃጩ እጅ የተሠራችውን፣ አናቷ እንደ ሹሩባ የተገመደውን።

«አሳዪኝ እስቲ» አሉኝ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ በጣታቸው ዳሰሷት። «ከየት አመጣሻት?» አሉኝ። ደነገጥኩና «ከገበያ ገዝተናት ነው» አልኩ። ሳቁ። ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «አትሸማቀቂ ልጄ፣ ገብቶኛል። እኔም የባለእጅ ዘር ነኝ፣ ከቤታችን ሰው በቀር ሙጃ ላይ ማንም አያውቅም። አባቴ ከወንድሙ ተጣልቶ ከብልባላ ሲወጣ ሕፃን ነበርኩ። አያቴ ቀጥቃጩ ከኋላችን ሮጦ ደርሶ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። አናቷን የሚገምደው ለገበያ አይደለም፣ ለቤቱ ሴቶች ብቻ ነው» እያሉ ከነጠላቸው ሥር የራሳቸውን አወጡ። አንድ እጅ የሠራቸው መንትዮች። በአንድ መዳፋቸው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተው በአውራ ጣታቸው አንዷን ዳበስ፣ ሌላዋን ዳበስ አደረጉ።

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

እኔም በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። ፅናት፣ እኔ፣ አባታችን፣ አያታችን ምናለ፣ ቀጥቃጩ። በእውቀቱ፣ አባቱ፣ እማማ ወለተ ሐና፣ የእሳቸው አባት፣ ቀጥቃጩ። ቆላ ወርዶ ሞተ ሲባል የኖረው የአያታችን ታናሽ ወንድም ለካ ሙጃ ወጥቶ ወልዶ ከብዶ ኖሯል። ሁለቱም ሽማግሎች እንደ ቦይ የተሻገሩት ሰውዬ በሁለቱም በኩል አምስተኛው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር።

እማማ ወለተ ሐና የእኔን ወረንጦ መዳፌ ላይ መለሱልኝ። እግራቸውንም ከገበቴው አወጡና «ልጄ፣ ውሃው ቀዝቅዟል» አሉኝ። ጠዋት ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው ለቀቅ ማድረግ አቃታቸው፤ ሲለቁኝ ግን «ዓይኔ እንደሆነ ፈዟል፣ ያየሁት ነገር የለም» አሉ።

ለአያ ሀብተ ሥላሴ ነገርኳቸው፤ ለማን ልንገር? «ማን ሰማችሁ?» አሉኝ። ማንም አልኩ። «እንግዲያው አንቺም አልሰማሽም። ዛሬ ተነሥቼ ቀጥቃጩን ዘልዬዋለሁ ብል እኛ ብቻ አይደለን የምንራቆተው፣ የዚያ ልጅ ቤትም ሙጃ ላይ በር ይዘጋበታል። ጋብቻው ይፈርሳል፣ ስሙ ግን እላያችን ላይ ይቀራል» አሉ። ንግግራቸው የኮስታራ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማለዳ ማለዳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይሄዱና ውጭ ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። ሰው ጉልበታቸውን ያመማቸው መስሎታል።

ፅናትንም ሞከርኳት፣ እታለም። ሰርጉን ከፋሲካ ወዲያ እናድርገው፣ እስከዚያ ገንዘብ ይጠራቀማል፣ መንገዱም ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። ሎሚ እየመጠጠች ነበር። ከገና ወዲህ ሎሚ ከእጇ አይለይም። «እማ፣ አይሆንም። እንዲያውም ተክሊሉን ትተን በማዘጋጃ ቤት ይሁን ብለናል» አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ። ያን ሁሉ ዘመን ለተክሊሏ ካባ ስትመርጥ የኖረች ልጅ! ዘመዳሞች ብትሆኑስ ኖሮ ብዬ አንድ እግሬን አስገባሁ። ሳቀችብኝ። «ተቆጥሮ የለ እንዴ? አያ ሀብተ ሥላሴ ተሳስተው ያውቃሉ?» አለች።

ሰርጉ ጥር ሳያልቅ፣ በወሩ መጨረሻ እሁድ ነው። ቀሚሱን ስትጨርሺ በዚሁ ሹፌር ላኪልኝ። ፊት ከላክሁልሽ ልክ ወገቡ ላይ አራት ጣት ለቀቅ አድርጊው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አንቺ ስንቷን ሙሽራ አልብሰሻል።

አንቺ ግን አትምጪብኝ።

ይህን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። የሙጃ ሰው ድንኳን ሙሉ ይመጣል፤ አንዱ ጠጋ ብሎ «እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?» ማለቱ አይቀርም። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ። ያ ስም ትዳርሽን ነጥቆሽም አልካድሽውም፣ ለአንድ ቀንም አትክጂው። ወንድማችንስ ካርዱን ደብቆ ይውላል፣ ገለቴም ብትመጣ ቀጸላዋን ይዛ ትመጣለች። አንቺን ግን ዝም በይልኝ ብዬ ከምለምንሽ ቅሪልኝ ብዬ ብለምንሽ ይሻለኛል። የሰፋሽውን ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ሳታያት መቅረትሽ እንደ እሳት ይፈጀኛል። «አክስቴ ትመጣለች» እያለች ለጓደኞቿ ስትነግር እሰማታለሁ። ጉልበቷን አሟታል እላታለሁ። ይቅር ባትይኝም አልፈርድብሽም።

በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለችው ወረንጦዋ ናት። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አንገቷ ላይ ላስርላት ነበር፣ ቃልሽ እንደዚያ ነበርና። አሁን ግን መንትያዋ እዚያ ቤት አለች። ይዛት ገብታ አንዱ ሁለቱን ባንድ ላይ ቢያይስ? አንቺ ዘንድ ትቀመጥ።

ትናንት ፅናት ከጓሮ ስትገባ እሾህ ወጋት። «እማ፣ ወረንጦሽ የታለች?» አለችኝ። ጠፋችብኝ አልኳት። ቁጭ ብላ በመርፌ ስትፈለፍለው ዋለች፣ ግማሹ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ፣ እንጀራሽን አያጉድልብሽ። እኔ ለጸሎት መቆም አቅቶኛል፣ ስጀምር ቁጥሩ ይመጣብኛል። አንቺ ጸልዪላቸው፤ ለሦስቱም።

ከዓይንሽ የራቀች፣
ታናሽ እህትሽ