አንድም ያልታፈነ

ሀቫና፣ ፌብሩዋሪ 12

ለባለቤቴ ለዙሌማ፣ ተቆጥቼም ቢሆን ለምናፍቅሽ፤

«እጄን ያቀናልኝ የአውሬሊዮ ንባብ ነው። እሱ እያነበበልን የጠቀለልኩት ሲጋር አንድም ቀን ታፍኖ፣ ጭሱ አልሳብ ብሎ አያውቅም።»

ለመጽሔቱ ቃል በቃል ያልሽው ይህንን ነው። መጽሔቱ ከማድሪድ ሰኞ ደረሰን። «ስለ ሲጋራችን ስለ አልባ ሴሬና መቶኛ ዓመት ተጽፏል፤ የኛዋ ዙሌማም አለችበት» ብለው የፋብሪካው ሰዎች ከጋዜጣው አስቀድመው እጄ ላይ አኖሩት። እንደ ልማዳችን፣ የፋብሪካው አንባቢ ነኝና መድረኩ ላይ ወጥቼ፣ ሲጋር ለሚጠቀልለው አዳራሽ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ሲጋራችን አጀማመሩ ለስላሳ አጨራረሱ ብርቱ መሆኑን፣ መቶ ዓመት ጠባዩን እንዳልለወጠ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። መስመሩን ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ አንባቢ ግን መስመር አይዘልም።

ሠራተኛው በጭብጨባ ፈንታ በቢላዋው ጣውላውን ደበደበ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የምጠብቀው ጭብጨባ ለአውሬሊዮ ሆነ! ከባዶው ወንበርሽ አጠገብ የምትቀመጠው ኒዬቬስማ፣ «መምህር፣ ያቺን መስመር እስቲ ድገማት፤ ጆሮዬ ከዳኝ!» አለች።

«ጆሮሽስ ደህና ነው፤ ምላስሽ ነው የበላሽ» አልኳት። አዳራሹ ሳቀ። ደገምኩት።

የቀድሞው አንባቢያችን አውሬሊዮ ያነበበልሽ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ያውም በአፍንጫው፤ ሟቹንም ሙሽራውንም በአንድ ድምፅ። እሱ አሁን ማድሪድ እንደሚኖር መጽሔቱ አልጻፈም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እዚያው ለሆቴል እንግዶች ሦስት ወር ልትጠቀልዪ ሄደሽ አምስተኛው ወር የገባው በሲጋር ፍቅር ነው?

ፋብሪካው ከሚሰጥሽ ድርሻ ስድስት ሲጋር መሳቢያ ውስጥ ትተሻል። ሁሉንም የጠቀለልሻቸው እኔ ሳነብልሽ ነው። ትምባሆ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ቢሆንም፣ አንዱ እንኳ ቢታፈን ዙሌማ እውነቷን ነው ብዬ ከእራት በኋላ እየለኮስኩ ሞከርኳቸው። አምስቱም ያለ ችግር ተሳቡ። ያተረፍኩት ሳል ነው። ስድስተኛውን መለኮስ አልሆነልኝም።

ኃላፊው ወንበርሽን ለሌላ ሰው ልስጠው ብሎኛል። ለምኜ ቀን አስጨምሬያለሁ፤ እኔ ሰው ለምኜ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

የኮብሬዋ እመቤት ማርያም ጣቶችሽን ትጠብቅልሽ። እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ ጓንት አድርጊ።

ወንበሩን ላስጠብቅ ወይስ ልልቀቀው? በሰው አፍ የተላከ መልስ አልቀበልም። እስከ ማርች 15 በራስሽ እጅ ጽፈሽ መልሺልኝ።

ባልሽ ፌርሚን